የክበቡ ቁልፍ ማን ጋ ይሁን?

(ደሴ ላይ ለክበብ ተጠሪ መምህራንና ለተማሪ ተወካዮች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም ተነካክቷል።)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜን የሚያህል ቀን ትታችሁ ስለ ክበብ ልትሰሙ መምጣታችሁ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። ግማሻችሁ «ሂዱ» ተብላችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። አብሽሩ፣ እኔም ወደ እንዲህ ዓይነት ስብሰባ የምሄደው ተልኬ ነበር።

ክበብ እንዴት እንደሚቋቋም ሁላችንም እናውቃለን። ጥቅምት ሲገባ አንድ ወረቀት በየክፍሉ ይዞራል። ሚኒ ሚዲያ፣ ቀይ መስቀል፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ፀረ ኤድስ፣ አካባቢ ጥበቃ፣ ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና፣ የሴት ተማሪዎች፣ ሳይንስና ሂሳብ። ተማሪው ስሙን ከመጻፉ በፊት አንድ ነገር ይጠይቃል፤ «ቲቸር፣ የማይሰበሰበው የቱ ነው?» ከዚያ ዕቅድ ይጻፋል። ቃለ ጉባኤ ይጻፋል። ያልተደረገ ስብሰባም ቃለ ጉባኤ ይጻፍለታል። ኢንስፔክሽን ሲመጣ ፋይሉ ከመደርደሪያ ይወርዳል፣ አቧራው ይራገፋል፣ ነጥብ ይሰጠዋል፣ ተመልሶ ይወጣል።

ዛሬ የማወራው ስለዚያ ፋይል አይደለም። ጦርነት ከተማችን ገብቶ በወጣባቸው ወራት ፋይሉ ውስጥ የሌለ ሌላ ክበብ አይተናል። ልጆቹ ራሳቸው ያንቀሳቀሱት ክበብ። እኔ ከዚያ የተረዳሁት ነገር አንድ ነው። ክበብ በክፉ ቀን ሊሠራ የሚችለው የተማሪው የራሱ ሲሆን ነው። የትልልቅ ሰዎች መጠቀሚያ ከሆነ ግን ባይኖር ይሻላል። ሁለቱንም በዓይናችን አይተናል፤ ስለሁለቱም አወራለሁ።

ከ2013 ክረምት ልጀምር። የሰሜኑ ጦርነት ጥቅምት 24 ቀን 2013 ሲጀመር ለደሴ ተማሪ የሬዲዮ ወሬ ነበር። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ወሬው በእግሩ መጣ። ከራያ ቆቦ፣ ከወልድያ፣ ከመርሳ ሕዝቡ ወደ ደሴ ፈሰሰ። ትምህርት ቤቶቻችን መጠለያ ሆኑ። ዴስክ እየወጣ ሜዳው ላይ ተከመረ። ሰሌዳው ላይ የባለፈው ዓመት ቀመር ገና ያልጠፋበት ክፍል ውስጥ ሰው ምንጣፍ አንጥፎ አደረ። የሰልፍ ሜዳችን ላይ ልብስ ተሰጣ።

ክረምት ነው። ማንም ተማሪ የመምጣት ግዴታ የለበትም። ግን የመጡ ነበሩ። ስሙን በወረቀት የሞላው ሁሉ አይደለም የመጣው። ቀይ መስቀል ክበብ ውስጥ ከምር ሲሠሩ የነበሩት ናቸው። ሥራው ደግሞ ፎቶ የሚነሱበት ዓይነት አልነበረም። አዲስ የገባ ቤተሰብ መመዝገብ ነው። ልብስ በትልቅና በትንሽ፣ በሴትና በወንድ መለየት ነው። ውሃ የት እንደሚቀዳ ማሳየት፣ የጠፋ ሕፃን ስም እየጠሩ ከክፍል ክፍል መዞር ነው።

አንድ ነገር ቀረብ አድርጌ ላሳያችሁ። መመዝገቢያቸው ተራ የመልመጃ ደብተር ነበር። በማስመሪያ አምድ አምድ አድርገው ከፍለውታል። ስም፣ ከየት እንደመጡ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የታመመ ካለ። ይኼ ሁሉ ከላይ በወረደው ቅጽ ላይም አለ። ልጆቹ ግን ከጫፍ ላይ የራሳቸውን አምድ ጨመሩ፤ «ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የሚያውቁት ሰው አለ?» እዩት እንግዲህ። ቅጹን ያዘጋጀው አዋቂ ሰውየው ስንት ኪሎ ዱቄት እንደሚያስፈልገው ነው ያሰበው። የ16 ዓመቷ ልጅ ግን ሰውየው አክስት ይኖረው እንደሆነ አሰበች። በዚያች አምድ ምክንያት ስልክ ተደውሎላቸው ከትምህርት ቤት ወለል ወደ ዘመድ ቤት የሄዱ ብዙ ነበሩ። የወሎ ሰው ዘመድ አያጣም፤ ለዘመዱ የሚደውልለት ነው ያጣው።

እግረ መንገዴን አንድ ታሪክ ልጥቀስ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው በ1927 ሐምሌ ላይ ነው፤ የጣሊያን ወረራ ሊጀምር ጥቂት ወራት ሲቀሩት። ጦርነቱ ሲጀመር ጃንሆይ ጠቅላይ ሰፈራቸውን ደሴ ላይ አደረጉ። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች መጥተው ከተማዋን ደበደቡ። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታልም አልተረፈም። ይኼን ለክበቡ ልጆች ስነግራቸው ስለ አውሮፕላኑ ይጠይቁኛል ብዬ ነበር። አንዷ የጠየቀችኝ ግን «የተጎዳውን ሰው ስም የሚመዘግብ ነበራቸው?» ብላ ነው። ሥራ የጀመረ ሰው ጥያቄው ይለያል።

ከሁሉም በላይ ላነሳው የምፈልገው ግን የሴት ተማሪዎች ክበብን ነው። ስለ ጦርነት ሲወራ ይኼ አይወራም፤ እኔ ግን ዛሬ አልዘለውም። ወንዶች ታገሱኝ።

ያ ክበብ ክፍል አልነበረውም። የነበረው አንድ የብረት ቁም ሳጥን ነው። ውስጡ ሞዴስ፣ ሳሙና፣ አንድ ሁለት ትርፍ ቀሚስ። የወር አበባዋ ድንገት የመጣባት ልጅ ቤቷ ሄዳ እንዳትቀር ታስቦ የተጀመረ ነው። ቁልፉ መጀመሪያ ንብረት ክፍል ነበር። ማንም አልመጣም። የትኛዋ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ናት አባቷን የሚያህል ሰውዬ ፊት ቆማ «ሞዴስ ስጠኝ» የምትለው? ልጆቹ ተከራከሩ፤ ቁልፉ ለአንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ተሰጠ። ነገሩ ያኔ ነው ሥራ የጀመረው።

ተፈናቃዮቹ ሲመጡ ምን ሆነ መሰላችሁ። የእርዳታ ዝርዝሩ ላይ ዱቄት አለ፣ ዘይት አለ፣ ብርድ ልብስ አለ። ሞዴስ የለም። ዝርዝሩን የጻፍነው ወንዶች ነን፤ አልታየንም። የክበቡ ሴቶች ሁለት ሁለት ሆነው ቧንቧው ጋ ሄዱ። ውሃ ወረፋ ላይ የቆሙትን ልጃገረዶች ቀስ ብለው ጠየቁ። ከወልድያ በአንድ ቀሚስ የወጣች ልጅ ምን እንደሚያስፈልጋት ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። በማግሥቱ ሳጥኑ ባዶ ሆነ። ከዚያ ወደ ሱቆች ወጡ፤ አራዳ፣ ፒያሳ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር። አንዱ ባለሱቅ ለምን እንደሆነ ሲነግሩት አንገቱን ደፋ። ዝም ብሎ መደርደሪያውን አራገፈና እንደልማዱ እያንዳንዱን በጋዜጣ ሊጠቀልል ጀመረ። «ጋሼ፣ ጋዜጣ አይፍጁ፣ በካርቶኑ ይስጡን» አሉት። በዚያ ቀን ደሴ ውስጥ ሞዴስ በካርቶን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በልጃገረዶች ትከሻ ሄደ። ለኔ ትልቅ ቀን ነው።

ልብ በሉ። በዚያው ጊዜ ሌላ የተቆለፈ ክፍል ነበር። የቀይ መስቀል ክበብ ቃሬዛ፣ የስፖርት ፍራሾች፣ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ባልዲና አካፋ ሁሉ እዚያ ናቸው። ቁልፉ ያለው ሰው ፈቃድ ወጥቶ አገሩ ሄዷል። ሰውየው ጥፋት የለበትም፤ ፈቃዱ ነው። ግን ፍራሹ ተቆልፎበት ሕፃናት ሲሚንቶ ላይ ተኙ። ክፍሉ ሲሰበር ደግሞ «ማን አስፈቀዳችሁ?» የሚል ደብዳቤ መጣ። ሳቃችሁ፤ እኔም ስቄያለሁ። በኋላ ግን አላሳቀኝም።

ጥቅምት 2014 ላይ ከተማዋ ስትያዝ የሆነውን አልተርክም። ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት በእግሩ ያልወረደ ቤተሰብ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ጥቂት ነው። ደሴን ሸሽቶ ኮምቦልቻ የደረሰው ኮምቦልቻም ስትለቀቅ ደረሰ። ከተማዋ እስከተመለሰችበት እስከ ኅዳር 27 ባሉት አምስት ሳምንታት ግድም ትምህርት ቤት የለም፣ መብራት የለም፣ ስልክ የለም። ክበብ የሚባል ነገር የለም። በሌላው አገር በዚያው ሰሞን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ሳምንት ተዘግተው ተማሪዎች የዘማቾችን ሰብል እንዲያጭዱ ተደርጓል። የ12ኛ ክፍል ፈተናም ጥቅምት መጨረሻ ላይ ተሰጥቷል። የእኛ ልጆች ግን አንዱ ደብረ ብርሃን፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ እዚሁ ጓዳ ውስጥ ነበሩ።

ስንመለስ ያገኘነውን ታውቁታላችሁ። ሆስፒታሉ ተዘርፏል፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘርፏል፣ ሙዚየሙ ሳይቀር ተዘርፏል። የሚኒ ሚዲያ ክፍላችን በሩ ተገንጥሏል። ሞንታርቦው የለም። ሚክሰሩ የለም። ገመዱ ከግድግዳው ላይ ተመዞ ሄዷል። ገመዱን ለምን እንደፈለጉት እስካሁን አልገባኝም። የስክሪፕት ደብተሮቹ ገጽ ገጻቸው እየተቀደደ እሳት ተያይዞባቸዋል። ይኼ ሁሉ ይተካል። ተማሪ ሞንታርቦ ባይኖረው ይጮኻል። የሚብሰው ሌላ ነበር፤ ሮስተር ጠፋ። የበርካታ ክፍል ውጤት የተጻፈበት ወረቀት ወይ ተቃጥሏል ወይ ጭቃ ውስጥ ነው። ሮስተር ከሌለ ትራንስክሪፕት የለም። ትራንስክሪፕት ከሌለ ያ ልጅ አራት ዓመት መማሩን በምን ያስረዳል?

የሚኒ ሚዲያ ልጆች እዚህ ላይ ገቡ። ማንም አልጠራቸውም። ሰልፍ ላይ አንዱ ዴስክ ላይ ወጣና በባዶ ጉሮሮው ተናገረ። «የድሮ ካርድ ያላችሁ አምጡ። እንገለብጣለን፤ ዛሬውኑ እንመልሳለን።» መምህራን ደግሞ ቤታቸው የቀረ ማርክ ሊስት ካለ እንዲያመጡ ተጠየቁ። ካርዱ መምጣት ጀመረ። ያኔ ያየሁትን ካርድ አልረሳውም። አንዱ በላስቲክ ተጠቅልሎ መጣ። አንዱ ቁርኣን ውስጥ ተቀምጦ፣ አንዱ ዳዊት ውስጥ ተቀምጦ ነው የተረፈው። አንዱ ስንቅ ከረጢት ውስጥ ከበሶ ጋር ተጉዞ ቅባት ጠጥቷል፤ ኬሚስትሪው ይነበባል፣ ፊዚክሱ አይነበብም። ልጁ «እሱን ለክቶ ነው የጠጣው» አለ፤ ፊዚክስ ላይ ምን አምጥቶ እንደነበር እኔም አውቃለሁ።

በእርግጥ በካርድ ብቻ ሕጋዊ መዝገብ አይሠራም። ማኅተም አለው፣ ኮሚቴ አለው፣ ቢሮው አለው። ሥራውን የጨረሰው አስተዳደሩ ነው። የጀመሩት ግን ልጆቹ ናቸው። ያስጀመራቸው ደግሞ ለዓመታት በየማለዳው ዴስክም ባይሆን መድረክ ላይ ወጥተው «የጠፋ መታወቂያ፣ የጠፋ ደብተር» እያሉ ማስታወቂያ ማንበባቸው ነው። የሚናቅ ሥራ ነው ያ። ግን ተማሪው ድምፃቸውን ያምናል።

ትያትሩ ላይ ደግሞ ተሸውደናል ማለት ይቻላል። ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ሥነ ጽሑፍ ክበቡ ዝግጅት ላቅርብ አለ። ሁላችንም የጦርነት ትያትር ጠበቅን። ለቅሶ፣ ስደት፣ እናት ልጇን ስትፈልግ። መሐረብ ይዘን ተቀመጥን። ልጆቹ ያቀረቡት የፍቅር ኮሜዲ ነው። ጉዳዩ የስንዴ እርዳታ ወረፋ ላይ ነው። አንድ ጎረምሳ አንዲት ልጅ አጠገብ ለመቆም ሲል ወረፋውን ለሰው እየለቀቀ ወደ ኋላ ይቀራል፤ መጨረሻ ላይ ስንዴው አልቆ ልጅቷ ግማሽ ታካፍለዋለች። ከአንድ ትልቅ ሰው ቅሬታ መጣ፤ «በዚህ ጊዜ ይኼ ይሠራል?» አሉ። እኔ ግን እላለሁ፤ በዚያ ጊዜ ሌላ አይሠራም ነበር። ሜዳው ላይ የተሰበሰቡት ልጆች እውነተኛው ወረፋ ላይ ቆመው ያውቃሉ። ወረፋው ላይ የተዋረዱበትን ነገር መድረክ ላይ ሲያዩት ሳቁበት። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ያወጣ አገር ልጅ ኀዘኑን እንዴት እንደሚያዜም እኛ አናስተምረውም። የሚስቅበትን ቀን መምረጥም የራሱ ነው።

አሁን ወደ መራራው ልሂድ።

ጦርነት ሲመጣ ትልልቅ ሰዎች ክበብ ትዝ ይላቸዋል። ዓመቱን ሙሉ ባትሪ የማይገዛለት ሚኒ ሚዲያ ድንገት ይፈለጋል። መዋጮ ይታወጅበታል፣ መፈክር ይነበብበታል። ለሠራዊቱ ስንቅ መሰብሰቡን አልቃወምም። ልጆቹም በሶ ሲያስፈጩና ዳቦ ቆሎ ሲያስቆሉ ደስ ብሏቸው ነው። ያልወደድኩት የሰጠውን ልጅ ስም ከነብሩ መጠን ማንበቡን ነው። ስሙ ያልተነበበው ልጅ ምን አደረገ? አባቱ ተፈናቅሎ ይሆናል። እናቱ ጉልት ላይ ናት። በማግሥቱ ከሰልፍ የሚቀር ልጅ አየን። ከዚያ የክበቡ ልጆች ራሳቸው «ስም አናነብም፣ ድምሩን ብቻ እንናገራለን» አሉ። ጎሽ!

ከዚያ የባሰም ነበር። ጦርነት ቋንቋን ቶሎ ያበላሻል። የሰውን ስም ወይም የአባቱን ስም ሰምቶ ዞር ብሎ የሚያይ ተማሪ መጣ። እዚሁ ተወልደው፣ እዚሁ ቧንቧ ውሃ ኳስ ተጫውተው ያደጉ፣ ቤተሰባቸው ከትግራይ የሆነ ልጆች ነበሩን። አንዳንዶቹ እጅ ማውጣት አቆሙ። አንዷ ዜና አንባቢ ነበረች፤ «ቲቸር፣ እኔ ድምፅ ብቻ ልቆጣጠር፣ ሌላ ያንብብ» አለችኝ። ለምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ሌሎቹ የክበቡ ልጆች ሲሰሙ ተሰበሰቡ። ሕግ አወጡ። የማንኛውንም ሕዝብ ስም አንስቶ የሚሰድብ ጽሑፍ አይነበብም፤ ማንም ይላከው፣ ማንም ይፈርምበት። ልጅቷም ተራዋን አነበበች። እኔ እንደ አስተማሪ ይኼን ሕግ ብጽፍ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ አንድ ተጨማሪ ወረቀት ይሆን ነበር።

ግጥምም ነበር። ውድድር ተዘጋጀ፤ ርዕሱ ተሰጠ፤ ጀግንነት። አንድ ልጅ ወንድሙ ዘምቶ ድምፁ ከጠፋ ወራት ሆኖታል። ግጥሙ ስለ ጀግንነት አልነበረም። እናቱ ስልክ በጮኸ ቁጥር እጇን በቀሚሷ ጠርጋ እስክታነሳ የሚዘጋባት ነገር ነበር የጻፈው። «ስሜት ያቀዘቅዛል» ተባለና ወጣ። እንዲህ ያለው ሰው ክፉ አልነበረም፤ ፈርቶ ነው። ሥነ ጽሑፍ ክበቡ ግን ግጥሙን በእጅ ገልብጦ የግድግዳ መጽሔቱ ላይ ለጠፈው። ሽልማት አላገኘም። በእረፍት ሰዓት ግን እሱ ፊት የሚቆመው ተማሪ አንደኛ የወጣው ግጥም ፊት ከሚቆመው ይበልጥ ነበር።

ይኼ ለደሴ አዲስ አይደለም። ታሪካችንን እዩት። ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት የተማረው ዋለልኝ መኮንን ኋላ በተማሪዎች እንቅስቃሴ ስሙ የገነነ ነው። ስለ ሐሳቡ የፈለጋችሁትን አስቡ፤ ክርክሩ እስከዛሬ አላለቀም፣ ዛሬም አንጨርሰውም። ኅዳር 29 ቀን 1965 አውሮፕላን ለመጥለፍ በተደረገ ሙከራ ተገደለ። በ1983 ኢሕአዴግ ወሎን ለመያዝ የከፈተውን ዘመቻ «ዘመቻ ዋለልኝ» አለው። ግንቦት ላይ ደሴ ተያዘች። አስቡት፤ አንድ ተማሪ በተማረባት ከተማ ላይ የዘመተ ጦር በስሙ ተጠራ። እሱን ማን ጠየቀው? ተማሪ ከጻፈውና ካሰበው ሁሉ ጦርነት የሚወስደው ስሙን ነው። ልጆች፣ ስማችሁን ለማን እንደምታውሱ እወቁ።

በመካከሉ ደርግ ነበር። ታኅሣሥ 1967 የዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ ገደማ ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ላከ። ብዙ ጥሩ ነገር ሠርተዋል፤ ማንበብ አስተምረዋል፣ ጉድጓድ ቆፍረዋል። ከዚያ ግን የወጣት ማኅበሩም ኪነቱም ከላይ የሚታዘዝ ሆነ። በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲወጣና አፈሳ ሲመጣ ለተማሪው የቆመ ማኅበር አልነበረም። ማኅበሩ የሌላ ሰው ነበራ። ወላጆቻችሁን ጠይቁ፤ የት እንደተደበቁ ይነግሯችኋል።

አንድ ተቃውሞ አለ፤ ከመምህራን ሁሌም ይመጣል። «ልጆቹ ፈተና እየወደቁ አንተ ክበብ ታወራለህ?» ልክ ናችሁ፣ ቁጥሩ ያስደነግጣል። ጥቅምት 2015 ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው በተፈተኑት የ12ኛ ክፍል ፈተና በአገር ደረጃ ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። ግን ከዚያ በፊት የሆነውን አስታውሱ። የእኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ያመለጣቸውን ፈተና የተፈተኑት በሁለተኛ ዙር፣ ጥር 2014 ላይ ነው። ከተማዋ ከተመለሰች ሁለት ወር አይሞላም። ማን አስጠናቸው? አዲስ አበባ የቆዩት ልጆች ፎቶ ኮፒ ይዘው መጡ፤ እዚህ የቀሩት መጽሐፉ ተዘርፎባቸዋል። ሳይንስና ሂሳብ ክበብ ውስጥ የነበሩት ወረቀቱን ተካፈሉ፣ በሰፈር በሰፈር ተቧደኑ፣ የሚያውቀው ላላወቀው አስረዳ። ይኼን ትምህርት ነው የምትሉት ክበብ? እኔ መለየት አልችልም።

አሁን ስላለንበት ጊዜ አጠር ላድርግ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ደሴና ኮምቦልቻ ያለን ሰዎች ክፍል ገብተን መማራችን ራሱ ዕድል ነው። የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ የክበቦቻችን የቴሌግራም ግሩፕ ሁሉ ሲሞት የግድግዳ መጽሔት ነፍስ ዘራ። ጥሩም ሆነ፤ ቴሌግራም ላይ ማንም የእጅ ጽሑፉን አያሳምርም። ከየወረዳው የመጡ፣ ዘመድ ቤት የተጠጉ ወይም ሦስት አራት ሆነው ቤት የተከራዩ ልጆች ክፍላችን ውስጥ አሉ። አንገታቸውን ደፍተው ይገባሉ፣ ደፍተው ይወጣሉ። ለእነሱ «ሳይኮሶሻል ድጋፍ» የሚል ስልጠና አንድ ቀን ተሰጠን፣ ምሳ በላን፣ ሄድን። እኛ ሐኪም አይደለንም፤ ሌሊት የሚያባንነውን ልጅ ወደ ሐኪም መላክ አለብን። ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ ያ ልጅ የሚያስፈልገው «ና፣ መብራቱን ያዝልን» የሚለው ሰው ነው። እሱን ክበብ ያደርገዋል። ግን አምጡና አስመዝግቡት አልልም፤ ሥራ ስጡት።

እንግዲህ ስለ ቁልፍ። ለመምህራን ነው የምናገረው። ክበብ የተማሪው ይሁን ስል መምህሩ ይጥፋ ማለቴ አይደለም። ሲሳሳቱ የሚከሰሰው እኛ ነን፤ እንቅረብ፣ እንይ፣ ገንዘብ ካለ እንቁጠር። ከትምህርት ቤቱ ሻይ ቤት ኪራይ ለክበቦች የሚደርሰው ትንሽ ነው፤ ትንሹም ቢሆን ከባነር ማሠሪያ በፊት ለሞዴስና ለባትሪ ይዋል። ባነር ሞልቶናል። የሮስተር ቅጂ እዚሁ ግቢ ብቻ አይቀመጥ፤ ከአንድ በላይ ቦታ፣ ከተቻለ ከአንድ በላይ ከተማ ይኑር። 18 ዓመት ያልሞላውን ልጅ ደም ለግስ ብላችሁ አትለምኑት፤ አይፈቀድም፤ ደግሞም ልጅ ነው። በእርሱ ምትክ ጎረቤቱን ይቀስቅስ።

ቁልፉ ግን ከሁለት ተማሪ ጋር ይሁን። አንድ አይበቃም፤ አንዱ ይሸሻል፣ አንዱ ይታመማል። ሁለቱ የተለያየ ሰፈር ልጆች ይሁኑ። አንዷ ሴት ትሁን። «ቢሰርቁስ?» የምትሉ አላችሁ። ቁልፉ ንብረት ክፍል እያለም ተሰርቋል፤ ሞንታርቦው የት አለ? ደግሞ ለ12ኛ ክፍል እንዳትሰጡ። ግንቦት ላይ ፈተና ፈተና እያሉ ይጠፋሉ፣ ቁልፉም አብሯቸው ይጠፋል። ለ10ኛና ለ11ኛ ስጡት፤ ሲያልፉ ለቀጣዮቹ እነሱ ራሳቸው ያስረክቡ።

በዚህ ላብቃ። ጥያቄ ያላችሁ እጅ አውጡ። ተማሪዎች ይቅደሙ፤ እኛ መምህራን ስንናገር ነው የኖርነው።